የፍሬድሪክ ዳግላስ ሕይወትና የአሜሪካ ዲሞክራሲ ባሕርይ

ስለ ዲሞክራሲ በተነሣ ቁጥር የአሜሪካ ስም አብሮ መነሣቱ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ወገን የአሜሪካን ዲሞክራሲ በጥቂት ታላላቅ ሰዎች እጅ ተጽፎ እንደ ተጠናቀቀ ፍጹም ሥራ አድርጎ ሲያቀርበው፣ ሌላው ወገን ደግሞ ከባዶ ቃላት በቀር አንዳች ፍሬ እንደሌለው ቆጥሮ ያጣጥለዋል። በእኛ አመለካከት ሁለቱም አቋሞች ከታሪኩ እውነታ የራቁ ናቸው። የአሜሪካ ዲሞክራሲ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያበቃ ቤት አይደለም። ቃሉ ሰፊ፣ በሩ ግን ጠባብ ሆኖ የተመሠረተ፣ በውጭ የቀሩት በገፉት መጠን የሰፋ፣ ግፊታቸው በላላ ጊዜም መልሶ የጠበበ ሥርዓት ነው።

ይህን ሐሳብ በረቂቁ ከማስረዳት ይልቅ በአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ አማካይነት ብንመለከተው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል ብለን እናምናለን። የመረጥነውም ሰው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። ዳግላስ ባሪያ ሆኖ ተወልዶ፣ የመርከብ ግንባታ ሠራተኛ፣ ኮብላይ፣ ጋዜጠኛ፣ የትግል መሪ፣ በመጨረሻም የመንግሥት ሹም ሆኖ የኖረ ሰው ነው። የአገሩን ሕግ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከጅራፍ ሥር ቀና ብሎ ያየ በመሆኑ ምስክርነቱ ልዩ ክብደት አለው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ሰነዱና ባሪያው

እንደሚታወቀው የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በ1776 ከእንግሊዝ ዘውድ አገዛዝ መላቀቃቸውን ሲያውጁ የሰው ልጆችን በተፈጥሮ እኩልነት መሠረት አድርገው ነበር። በነገሥታትና በመሳፍንት ትገዛ ለነበረችው የዚያ ዘመን ዓለም ይህ ታላቅ እርምጃ እንደነበር መካድ አይቻልም። ነገር ግን አዋጁን ከፈረሙት መካከል ብዙዎቹ ባለ ባሮች ነበሩ። በ1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥትም ባሪያ የሚለውን ቃል ሳይጽፍ ለባርነት ዋስትና ሰጠ። በዚሁ ሰነድ መሠረት ለየክፍለ ግዛቱ የሚደርሰው የምክር ቤት መቀመጫ ሲሰላ አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰዎች ይቆጠሩ ነበር። ባሪያው ራሱ አይመርጥም፤ በእሱ ስም የሚገኘው ተጨማሪ መቀመጫ ግን የአሳዳሪዎቹ ነው። ከዚህም ሌላ የኮበለለ ባሪያ በየትኛውም ክፍለ ግዛት ቢገኝ ለአሳዳሪው እንዲመለስ የሚያዝ አንቀጽ ነበረበት።

የመምረጥ መብትም ቢሆን የሕዝብ ሁሉ አልነበረም። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ድምፅ ለመስጠት መሬት ወይም ሌላ ንብረት ያስፈልግ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ንብረት የሌላቸው ነጮች ባደረጉት ግፊት ይህ ግዴታ ቀስ በቀስ ተነሣላቸው። ሆኖም የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በ1821 ያወጣው ሕገ መንግሥት የንብረቱን ግዴታ ለነጮች ሲያቃልል፣ ጥቁሮች ግን የ250 ዶላር ንብረት ከሌላቸው በቀር እንዳይመርጡ ደነገገ። አንዱን ድሃ ያስገባው በር በሌላው ድሃ ፊት ተዘጋ ማለት ነው። ይህ አሠራር በኋላም ደጋግሞ ስለሚገጥመን አንባብያን በልቡናቸው እንዲይዙት እናሳስባለን።

ዳግላስ የተወለደው በ1818 በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ቶልበት በሚባል አውራጃ ነው። የባሮች ልደት በወግ ስለማይነገራቸው የተወለደበትን ቀን ዕድሜ ልኩን አላወቀም። የመጀመሪያ ስሙ ፍሬድሪክ ቤይሊ ነበር። እናቱ ሃሪየት ቤይሊ ገና በሕፃንነቱ ከእሱ ተለይታ በሩቅ እርሻ እንድትሠራ ስለ ተደረገ ያሳደገችው አያቱ ናት። እናቱ ቀኑን በማሳ ስትሠራ ውላ ልጇን ለማየት በሌሊት 12 ማይል ያህል በእግሯ ትጓዝ፣ ፀሐይ ሳትወጣም ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር። በሕይወቱ ያያት ጥቂት ጊዜ ብቻ ሲሆን ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞተች። አባቱ ነጭ እንደነበር ሰምቷል፤ ማንነቱን ግን በእርግጥ ለማወቅ አልቻለም። ሕጉ ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይከተላል የሚል ስለነበር አንድ አሳዳሪ ከባሪያው የወለደውን የገዛ ልጁን ሊያስገርፍ፣ ሊሸጥም ይችል ነበር።

ስድስት ዓመት ሲሆነው አያቱ ወደ ኤድዋርድ ሎይድ ሰፊ እርሻ አድርሳ ተለየችው። ሎይድ የሜሪላንድ አገረ ገዥና የአሜሪካ ሴኔት አባል የነበረ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ባሮች ያሉት ባለ ርስት ነው። ልጁ በዚያ ያለ ጫማ፣ ያለ ሱሪና ያለ ብርድ ልብስ፣ የበቆሎ ገንፎ እንደ ከብት በገንዳ ቀርቦለት ከሌሎች ሕፃናት ጋር እየተሻማ አደገ። ለነፃይቱ አገር ሕግ ሲያወጣ የነበረው ሰውና ያ ሕፃን የኖሩት በአንድ ርስት ላይ ነበር።

ፊደልና ደመወዝ

በ1826 ዳግላስ ባልቲሞር ከተማ ወደሚኖር የአሳዳሪዎቹ ዘመድ ቤት ተላከ። የቤቱ እመቤት ሶፊያ ኦልድ ፊደል ታስቆጥረው ጀመር። ባሏ ሂው ኦልድ ይህን እንደ ደረሰበት ማንበብ የቻለ ባሪያ ለባርነት አይመችም በማለት ትምህርቱን አስቆመ። ክልከላው ግን ለልጁ ከትምህርቱ የበለጠ ትምህርት ሆነው። አሳዳሪው የሚፈራው ነገር ምን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ተገነዘበ። ከዚያ በኋላ ከቤት ዳቦ ይዞ እየወጣ በጎዳና ለሚያገኛቸው የተራቡ ነጭ ልጆች ይሰጥና በልዋጩ ንባብ ይማር ጀመር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነውም ያጠራቀመውን 50 ሳንቲም አውጥቶ የንግግሮች መድበል የሆነ መጽሐፍ ገዛ። ስለ ሰው ልጆች መብት የሚናገረው መጽሐፍ በቤቱ ውስጥ ከአሳዳሪው ተሰውሮ ይነበብ ነበር።

በ1833 ወደ ገጠር ተመለሰ። ልቡ እንደ ሸፈተ የተረዳው አሳዳሪው ቶማስ ኦልድ በ1834 ኤድዋርድ ኮቪ ለተባለ፣ እምቢተኛ ባሮችን በመስበር ለታወቀ ገበሬ ለአንድ ዓመት አከራየው። ዳግላስ በስድስቱ የመጀመሪያ ወራት በየጊዜው ከተገረፈ በኋላ በነሐሴ ወር አንድ ጧት እጁን አንሥቶ ተከላከለ። ትንቅንቁ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ኮቪ ከዚያ ወዲያ ሊነካው አልደፈረም። በሕጉ መሠረት ለባለ ሥልጣኖች አሳልፎ ሊሰጠው በቻለ ነበር፤ ነገር ግን ባሪያ ሰባሪ ነው የሚለው ዝናው እንዳይጠፋ ዝም ማለቱን መረጠ። ዳግላስም በዕድሜው ሙሉ የሕይወቱ መለወጫ አድርጎ የቆጠረው ያን ቀን ነበር።

በ1836 ከጓደኞቹ ጋር ለመኮብለል ያደረገው ሙከራ ከሽፎ ከታሰረ በኋላ ወደ ባልቲሞር ተመለሰ። በዚያም በመርከብ ግንባታ ሥራ ተሰማርቶ የመርከብ ሳንቃዎችን ስንጥቅ የመድፈን ሞያ ተማረ። በመጨረሻም በሳምንት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዶላር ለማግኘት በቃ። ሆኖም በሳምንቱ መጨረሻ ደመወዙን ቆጥሮ የሚረከበው አሳዳሪው ነበር። ላቡ የራሱ፣ ዋጋው የሌላ መሆኑን እንደዚህ በግልጽ ያሳየ ሒሳብ የለም።

በዚሁ የመርከብ ሥራ ቦታ የደረሰበት ነገር ለሠራተኛ አንባብያን የተለየ ትኩረት የሚገባው ነው። ነጮቹ አናጢዎች ከነፃ ጥቁሮች ጋር አንሠራም ብለው ሥራ አቆሙ። ጥቂት ቆይቶ አራት ነጭ ተለማማጆች ዳግላስን በጡብና በብረት ደብድበው ዓይኑን ሊያጠፉት ሲቃረቡ፣ አካባቢው የነበሩት ሠራተኞች አልገላገሉትም። አሳዳሪው ወደ ዳኛ ይዞት ቢቀርብም የጥቁር ምስክርነት በነጭ ላይ ስለማይሰማና አንድም ነጭ ለመመስከር ፈቃደኛ ስላልሆነ ክሱ ሳይመሠረት ቀረ። ዳግላስ ግን ከዚህ የወሰደው ትምህርት በነጭ ሠራተኞች ላይ ቂም መያዝን አልነበረም። ባለ ባሮቹ ድሃውን ነጭ በጥቁሩ ላይ በማነሣሣት የሁለቱንም ጉልበት ዋጋ እንደሚያረክሱ፣ ነጩም በባሪያ ጉልበት ውድድር ሳያውቀው እንደሚዘረፍ በኋላ በጽሑፉ አብራርቷል።

ከኮብላይነት ወደ መድረክ

መስከረም 3 ቀን 1838 ዳግላስ የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ ከአንድ ነፃ ጥቁር መርከበኛ የተዋሰውን የመታወቂያ ወረቀት ይዞ በባቡር ተሳፈረ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው መልክ ከእሱ ጋር አይመሳሰልም ነበር፤ ተቆጣጣሪው አተኩሮ አለማየቱ ሕይወቱን አተረፈለት። በማግሥቱ ኒው ዮርክ ነበር። ለጉዞው በገንዘብ የረዳችው በሰው ቤት ትሠራ የነበረች ነፃ ጥቁር ሴት፣ እጮኛው አና መሪ ናት። በዚያው ወር ተጋብተው ኒው ቤድፎርድ በምትባል የማሳቹሴትስ ወደብ ሰፈሩ፤ ዳግላስ የሚለውንም ስም ያወጣው በዚያ ነው። ባርነት በሌለበት በዚህ ክፍለ ግዛት እንኳ ነጮቹ ባለ ሞያዎች አብረን አንሠራም በማለታቸው በሞያው ሊቀጠር አልቻለም። እንጨት እየፈለጠ፣ ጭነት እየተሸከመ ኖረ።

በ1841 በናንቱኬት ደሴት በተደረገ የፀረ ባርነት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ሕይወቱን ተናገረ። የእንቅስቃሴው መሪ ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰንና ጓደኞቹም ተናጋሪ አድርገው መደቡት። አነጋገሩ የተባ ከመሆኑ የተነሣ ባሪያ ነበርኩ ማለቱን የሚጠራጠሩ ስለበዙ በ1845 የአሳዳሪዎቹን ስም ጭምር ጠቅሶ የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። ይህም እንዲያዝ የሚያደርግ ማስረጃ ስለነበር ወደ አየርላንድና ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በ1846 መጨረሻ እንግሊዛውያን ወዳጆቹ 150 ፓውንድ አዋጥተው ከአሳዳሪው ገዙት፤ ነፃም ለቀቁት። ከተመለሰ በኋላ በ1847 በሮቸስተር ከተማ ሰሜን ኮከብ የተባለውን ጋዜጣ አቋቋመ። ኮብላዮች በሌሊት አቅጣጫቸውን የሚለዩት በዚህ ኮከብ ስለነበር ስሙ በከንቱ የተመረጠ አይደለም።

የዳግላስ አመለካከት በጥቁሮች ጉዳይ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1848 በሴኔካ ፎልስ ስለ ሴቶች መብት በተደረገው ጉባኤ የሴቶች የመምረጥ መብት ጥያቄ ቀርቦ ብዙዎች ሲያመነቱ፣ ኤልሳቤጥ ኬዲ ስታንተንን ደግፎ ተነሥቶ በመናገሩ ውሳኔው በጠባብ ድምፅ አለፈ። መብትን ለራሱ የሚጠይቅ ሰው ለሌላው ሊነፍግ እንደማይገባው በተግባር አሳየ።

ሕገ መንግሥቱ የማን ነው?

በዚህ ወቅት በፀረ ባርነት ታጋዮች መካከል አንድ መሠረታዊ ክርክር ተነሣ። ጋሪሰን ሕገ መንግሥቱ ከባለ ባሮች ጋር የተደረገ የረከሰ ውል ስለሆነ ታጋዮች በምርጫም ሆነ በመንግሥት ሥራ መሳተፍ የለባቸውም ይል ነበር፤ በ1854ም ሰነዱን በሕዝብ ፊት አቃጥሏል። ዳግላስ በመጀመሪያ ይህንኑ አቋም ይዞ ቆየ። በ1851 ግን ከብዙ ጥናት በኋላ ለወጠው። ሰነዱን ለባለ ባሮቹ ትቶ መሄድ መሣሪያን ለጠላት እንደማስረከብ ነው፤ በውስጡ የሰፈሩት የፍትሕና የነፃነት ቃላት በባርነት ላይ ሊዘምቱ ይችላሉ የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ይህ ልዩነት ሁለቱን ጓዶች ለብዙ ዓመታት አቃቃረ። በእኛ አስተያየት የዳግላስ አቋም ይበልጥ የበሰለ ነበር። ሰነዱን አላመለከውም፣ አላቃጠለውምም፤ በእጁ ያዘው እንጂ።

ይህን ሲል ግን ስለ ሰነዱ የዋህ ግምት አልነበረውም። የ1850 የኮብላዮች ሕግ ምን ያህል እንደሚያዘነብል ያውቃል። በዚህ ሕግ መሠረት የተያዘ ጥቁር ሰው በጉዳዩ የመመስከር መብት አልነበረውም። ጉዳዩን የሚያየው ሹም ሰውየውን ለባርነት አሳልፎ ከሰጠ 10 ዶላር፣ ነፃ ከለቀቀ ግን 5 ዶላር ይከፈለው ነበር። ፍርዱ ሳይሰማ ዋጋው ተቆርጧል ማለት ነው። ዳግላስ ይህን ሕግ በመቃወም በሮቸስተር በኩል ወደ ካናዳ የሚያመልጡትን በቤቱ እያሳደረ ያሳልፍ ነበር። በ1852 የነፃነት በዓል በተከበረ ማግሥት ባደረገው ታላቅ ንግግር የዚያ በዓል ደስታ ለባሪያው ፌዝ መሆኑን ለአድማጮቹ ፊት ለፊት ነገራቸው። በ1857 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባሪያም ሆነ ነፃ፣ የአፍሪካ ዘር ያለው ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ሲል በድሬድ ስኮት ጉዳይ ፈረደ።

በ1859 ጆን ብራውን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት በመያዝ የባሮችን ዐመፅ ለመቀስቀስ ሲያቅድ ዳግላስ እንዲተባበረው ጠየቀው። ዳግላስ ዓላማውን ቢያከብርም ዕቅዱ ወጥመድ መሆኑን ተረድቶ አልተከተለውም። የሆነውም እንደ ፈራው ነው። ብራውን ተይዞ ተሰቀለ፤ ዳግላስም ሊያዝ ሲፈለግ በካናዳ በኩል ወደ እንግሊዝ አምልጦ ለጥቂት ወራት ቆየ።

ጦርነቱና አዲሱ በር

የ1860 ምርጫ ሲደረግ በአሜሪካ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ባሮች ነበሩ። በዚያው ቀን የኒው ዮርክ መራጮች ለአብርሃም ሊንከን አብላጫ ድምፅ ሲሰጡ፣ ቀደም ብለን የጠቀስነው የ250 ዶላር ግዴታ ከጥቁሮች ላይ እንዲነሣ የቀረበውን ሐሳብ ግን ጣሉት። የባርነትን መስፋፋት መቃወምና የጥቁርን እኩልነት መቀበል የተለያዩ ነገሮች እንደነበሩ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ ሊንከን ዓላማው አገሪቱን በአንድነት ማቆየት እንጂ ባርነትን ማስወገድ እንዳልሆነ አስታውቆ ነበር። ዳግላስ በበኩሉ ባርነት ሳይነካ ጦርነቱ እንደማይቋጭ፣ ጥቁሩም ሳይታጠቅ ድል እንደማይገኝ ያለማቋረጥ ጻፈ። በየጦር ሜዳው ባሮች ከእርሻ እየኮበለሉ ወደ ሰሜኑ ሠራዊት መጉረፋቸውም ክርክሩን በተግባር ደገፈው። ጥር 1 ቀን 1863 የነፃነት አዋጅ ጸና፤ ጥቁሮችም በሠራዊቱ እንዲመለመሉ ተፈቀደ። የዳግላስ ሁለት ልጆች፣ ሉዊስና ቻርልስ፣ ቀድመው ከዘመቱት መካከል ናቸው። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ጥቁሮች በምድር ጦሩ ተሰለፉ።

ይሁን እንጂ ነጭ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈለው ለጥቁሩ የተመደበው 10 ዶላር ነበር፤ ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቀነስበታል። በአንድ ምሽግ ለሚፈስ ደም ሁለት ዋጋ ተተመነ። ዳግላስ በ1863 ክረምት ወደ ዋሽንግተን ሄዶ ከሊንከን ጋር ፊት ለፊት ተነጋገረ። ሊንከን በአክብሮት ተቀበለው፤ የደመወዙ እኩልነት ግን ጊዜ እንደሚጠይቅ ነገረው። ወታደሮቹ ራሳቸው የተቀነሰውን ደመወዝ አንቀበልም በማለት ለወራት ያለ ክፍያ ተዋጉ። ኮንግረሱ በሰኔ 1864 ደመወዙን እኩል ያደረገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከድሉ በኋላ ሦስት ማሻሻያዎች በሕገ መንግሥቱ ላይ ተጨመሩ። በ1865 ባርነት ተከለከለ። በ1868 በአሜሪካ የተወለደ ሁሉ ዜጋ ሆነ። በ1870 በዘር ምክንያት የመምረጥ መብት መንፈግ ተወገደ። ዳግላስ በ1851 የያዘው አቋም ፍሬ አፈራ። ከዚህ በኋላ ጥቁሮች በደቡብ ክፍለ ግዛቶች በብዛት መረጡ፣ ተመረጡም። በ1870 ሃይረም ሬቭልስ የሚሲሲፒ ተወካይ ሆኖ በሴኔት የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በጠቅላላው 16 ጥቁሮች በኮንግረስ ተቀምጠዋል። ጥቁሮችና ድሃ ነጮች የተሳተፉባቸው የደቡብ ምክር ቤቶች ከዚያ በፊት ያልነበረ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሥርዓት አቋቋሙ።

ያልተነካው መሬትና የተሸጠው ድል

በዚህ ታላቅ ለውጥ ውስጥ አንድ ጉዳይ ሳይነካ ቀረ፤ እሱም መሬት ነው። በ1865 መጀመሪያ ጄኔራል ሸርማን በባሕር ጠረፍ ያለውን መሬት ለነፃ ወጪ ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር እየከፋፈለ እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። ሊንከን ከተገደለ በኋላ ሥልጣን የያዘው አንድሩ ጆንሰን ግን መሬቱ ለቀድሞዎቹ ባለ ርስቶች እንዲመለስ አደረገ። ዳግላስ በ1866 ከሌሎች ተወካዮች ጋር ቀርቦ የመምረጥን መብት ቢጠይቀውም ጆንሰን አሻፈረኝ አለ። ነፃ ወጪው መሬት ስላልነበረው በቀድሞ አሳዳሪው እርሻ ላይ እኩል አራሽ ሆነ። ዘሩን፣ በሬውንና ቀለቡን ከባለ መሬቱ ሱቅ በዱቤ እየወሰደ፣ ምርቱ ሲሰበሰብ ዕዳው የሚበልጥ ሆኖ እያገኘው ኖረ። ለዱቤ ወለድ፣ ለእኩልና ለሢሶ አራሽነት እንግዳ ያልሆነ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቀን የሚመርጥ ማታ ግን በባለ መሬቱ ቸርነት የሚያድር ሰው ድምፁን ለመጠበቅ ምን ያህል እንደሚቸገር ግልጽ ነው።

በ1876 የተደረገው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ውጤት አከራካሪ ሆነ። ሳሙኤል ቲልደን በሕዝብ ድምፅ ቢበልጥም፣ ጉዳዩን እንዲያይ የተሠየመው 15 አባላት ያሉት ኮሚሽን 8 ለ 7 በሆነ ድምፅ ለሪፐብሊካኑ ራዘርፎርድ ሄይስ ወሰነ። በመጋረጃ ጀርባ በተደረገው ስምምነትም ሄይስ ሥልጣን እንደያዘ በ1877 በደቡብ የቀሩትን የመንግሥት ቤቶች ይጠብቁ የነበሩ ወታደሮች አነሣ። ሕጉ በወረቀት ላይ እንዳለ ቀረ፤ ጠባቂው ግን ሄደ። ጭንብል የለበሱ ሽብር ፈጣሪዎች በጥቁር መራጮች ላይ ያካሄዱት ግድያም ጠያቂ አጣ።

የአንድ ታጋይ ድካሞች

የዳግላስን ሕይወት በቅንነት ለመመርመር ከፈለግን ድክመቶቹን መሸፈን አይገባንም። ሄይስ ወታደሮቹን ባነሣበት በዚያው ዓመት ዳግላስን የዋና ከተማይቱ ማርሻል፣ ማለትም የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚ ሹም አድርጎ ሾመው። ዳግላስ ሹመቱን ተቀበለ፤ በስምምነቱ ላይም ይጠበቅበት የነበረውን ያህል ድምፁን አላሰማም። በ1879 ከሚሲሲፒና ከሉዊዚያና ሽብርና ዕዳ የመረራቸው ጥቁር ገበሬዎች ወደ ካንሳስ ሲሰደዱ፣ ባሉበት ጸንተው ይታገሉ በማለት ስደቱን ተቃወመ። ከነሱ ረሃብ ይልቅ የራሱ መርህ ቀደመበት ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በ1874 ደግሞ የነፃ ወጪዎች ቁጠባ ባንክ ፕሬዚዳንት ሆነ። ባንኩ በጥቁር ሠራተኞች፣ ወታደሮችና ልብስ አጣቢ ሴቶች ሳንቲም የተገነባ ነበር፤ ከዳግላስ በፊት የነበሩት አስተዳዳሪዎች ግን ገንዘቡን ለሸሪኮቻቸው በብድር በትነውታል። ዳግላስ እውነቱን ሳያውቅ የራሱን 10 ሺህ ዶላር ጭምር ጨምሮ ለማዳን ሞከረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ባንኩ ተዘጋ፤ ከ61 ሺህ በላይ አስቀማጮችም ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘባቸው እንደተያዘ ቀረ። የተከበረ ስም ብልሹ አስተዳደርን ሊተካ አይችልም።

ሆኖም ዳግላስ በሹመት ደልቶት የተኛ ሰው አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1883፣ በሆቴል፣ በባቡርና በቴያትር ቤት መድልዎን የሚከለክለውን የ1875 ሕግ ሲሽር በአደባባይ አወገዘው። በዚያው ዓመት በሉዊቪል በተደረገ የጥቁሮች ጉባኤ፣ በገንዘብ ፈንታ በባለ ርስቱ ሱቅ ብቻ በሚሠራ ወረቀት ደመወዝ መክፈል የባርነት ወንድም መሆኑን አስረዳ። ነጭና ጥቁር ሠራተኞችም በመተባበር እንጂ በመገፋፋት እንደማይጠቀሙ ተናገረ። ይህን ያለው፣ የገዛ ልጁ ሉዊስ በ1869 በመንግሥት ማተሚያ ቤት ሲቀጠር የአታሚዎች ማኅበር አባልነት ሲከለክለው ያየ አባት ነው። በ1888 ደቡብን ጎብኝቶ ሲመለስ የነፃነቱ አዋጅ በተግባር ማታለያ ሆኖ እንዳገኘው ከመናገር ወደ ኋላ አላለም።

ከ1889 ጀምሮ በሃይቲ የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ ሠራ። መንግሥቱ የሃይቲን አንድ ወደብ ለባሕር ኃይሉ ለማግኘት በጦር መርከቦች ማስፈራራት ሲያዘወትር፣ ዳግላስ ለጥቁሮቹ ሪፐብሊክ ክብር በማሳየቱ ከአገሩ ጋዜጦች ብዙ ወቀሳ ደረሰበት፤ በ1891ም ሥራውን ለቀቀ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወጣቷን ጋዜጠኛ አይዳ ዌልስን በመደገፍ ያለ ፍርድ ስቅላትን ተቃወመ። የቱስኬጊ ተቋም መዝገብ እንደሚያመለክተው በ1892 ብቻ 161 ጥቁሮች በዚህ መንገድ ተገድለዋል።

የካቲት 20 ቀን 1895 ዳግላስ በዋሽንግተን በተደረገ የሴቶች ጉባኤ ላይ ውሎ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በድንገት አረፈ። በ1848 ለሴቶች መብት የተነሣው ሰው በመጨረሻይቱ ቀኑም ከዚያው ጉዳይ አልተለየም።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ዳግላስ ሲሞት የተገኘው መብት በጠራራ ፀሐይ እየተነጠቀ ነበር። ሚሲሲፒ በ1890 የድምፅ ግብርና የንባብ ፈተና በመደንገግ መንገዱን ከፈተች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ቀለሙን የማይጠቅሰው ይህ ሕግ የተሠራው ግን ለቀለሙ ነበር፤ እግረ መንገዱንም ብዙ ድሃ ነጮችን አስወጣ። በሉዊዚያና በ1896 ከ130 ሺህ በላይ የነበሩት ጥቁር የተመዘገቡ መራጮች በ1904 ወደ 1,342 ወረዱ። በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያለው የ1870ው ማሻሻያ በዚህ ጊዜ ሁሉ አንድም ቃል አልተፋቀም። ሴቶች የመምረጥ መብታቸውን በ1920 ሲያገኙ፣ የደቡብ ጥቁሮች ግን በእስርና በደም ታግለው የ1965ቱን የምርጫ መብት ሕግ እስኪያስገኙ ድረስ ጠበቁ። ያም ሕግ በተራው በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ በሰጠው ውሳኔ፣ የመድልዎ ታሪክ ያላቸው ክፍለ ግዛቶች የምርጫ ደንባቸውን ከመለወጣቸው በፊት እንዲያስፈቅዱ የሚያደርገው ክንዱ እንዳይሠራ ተደርጓል።

እንግዲህ ከላይ እንደ ተመለከትነው የአሜሪካ ዲሞክራሲ ባሕርይ በሁለት ነገሮች ይጠቃለላል። አንደኛ፣ ሰፊው ቃሉ እውነተኛ ዋጋ አለው፤ ዳግላስና ባልደረቦቹ ያን ቃል ይዘው ባይሟገቱ ኖሮ መሣሪያቸው ባነሰ ነበር። ሁለተኛ፣ ቃሉ በራሱ ማንንም ነፃ አላወጣም። ያስከበሩት ከእርሻ የኮበለሉት፣ ጎደሎ ደመወዝ አንቀበልም ያሉት ወታደሮች፣ በሽብር ፊት ተሰልፈው የመረጡት ነፃ ወጪዎች ናቸው። ጠባቂ ሲያጣ፣ መተዳደሪያ መሬት ሲነሣው፣ ድሃው ከድሃው ጋር ሲለያይ መብቱ ከወረቀቱ ሳይወጣ ደርቆ ቀርቷል።

አንድን ሥርዓት ለመመዘን የምንሻ ሁሉ በመግቢያው ላይ የተቀረጸውን ጽሕፈት ብቻ ማንበብ አይበቃንም። በር ላይ ቆሞ የቀረው ማን እንደሆነ፣ የገባውስ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይኖርብናል። ዳቦውን ሰጥቶ ፊደል የገዛው ያ የባልቲሞር ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ያነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር።